የሰኞ ትምህርት፦ የባቲ መስመር እንዴት እንደተቀያየረ እና የማሾ ዋጋችን

የምጽፍላችሁ ከባቲ የሰኞ ገበያ ነው። የዛሬውን ዋጋ ማታ እለጥፋለሁ። እስከዚያ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ልመልስ፦ «የማሾ ዋጋ ምንም ሳይሰማ ድንገት የሚወርደው ለምንድነው?»

መልሱን ለማየት ወረቀት አውጡና መሃሉ ላይ ባቲን በነጥብ አስቀምጡ። አሁን መስመሮቹን በየዘመናቸው እንሳል።

1. የግመል ዘመን
ከታጁራ ተነስቶ በአውሳ በኩል ወደ ወሎ የሚወጣ የሲራራ መንገድ ነበር። ግመል ከቆላ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ደገኛው እህሉን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ይወርዳል። ግመል ለደጋው ዳገት አይሆንም፣ በቅሎም የአፋርን ሙቀት አትችልም። ስለዚህ ጭነቱ እዚሁ እጅ ይለውጣል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ገበያ የቆመው በዚህ ነው።

2. የአሰብ ዘመን
ጣሊያን በወረራው ጊዜ (1928–1933) ከአሰብ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባ የመኪና መንገድ ሠራ። መኪና ደግሞ ዳገትም ሙቀትም አይመርጥም፤ ሳያራግፍ ያልፋል። በኋላ የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ሲከፈት አብዛኛው የአዲስ አበባ ጭነት በባቲ ማለፉንም ተወ።

3. የጅቡቲ ዘመን
ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መስመር ተቆረጠ፤ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከባቲ ሚሌ ያለው አስፋልት ያው ነው፣ የተለወጠው ጫፉ ነው። ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው ሲቀር ደግሞ የአፍዴራ ጨው ተነሳ። አንዱ መስመር ሲዘጋ ሌላው የሚከፈተው እንዲህ ነው።

4. የማሾ ዘመን
ዛሬ ከባቲና ከከሚሴ የሚነሳው ማሾ ባሕር ይሻገራል፤ ከዋና ገዢዎቹ አንዷ ህንድ ነበረች። የኔም ኪሳራ የተቀመጠው እዚህ መስመር ላይ ነው።

ጥቅምት 2010 ያምናውን ዋጋ ተማምኜ ማሾ ሰበሰብኩ። ለገበሬው ከፍዬ፣ መጋዘን ተከራይቼ ስጠብቅ ገዢ ጠፋ፤ የመጣውም ከገዛሁበት በታች ጠራ። ደላላውን ጠረጠርኩ፣ ላኪውን ወቀስኩ። ለካስ ህንድ ገና ነሐሴ 2009 ላይ ከውጭ የምታስገባውን ማሾና ኡራድ በድምሩ በዓመት 300,000 ቶን ላይ ገድባው ነበር። የራሷ ገበሬ በዚያ ዓመት ብዙ አምርቶ የሀገር ውስጥ ዋጋ ወድቆባታል። ወሬው እኔ ከመግዛቴ ሁለት ወር ቀድሞ ወጥቷል፤ እኔ ግን ካርታዬን ጅቡቲ ላይ አቁሜዋለሁ!

በሯ አንዴ ተዘግቶ የቀረም አይደለም። ግንቦት 2013 ከፈተችው፣ የካቲት 2014 መልሳ ዘጋችው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

📌 የገዢያችሁን ገዢ እወቁ። ላኪውን «የት ነው የምትልከው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

📌 የህንድ ክረምት ከኛ ክረምት ጋር ይገጥማል፤ የክረምት ማሾዋ የሚሰበሰበው የኛ ሊደርስ ሲል ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም የዝናቧንና የመንግሥቷን የድጋፍ ዋጋ ወሬ ተከታተሉ። የገበያ ዋጋው ከድጋፍ ዋጋው በታች ከሆነ የመዝጋት ስጋት አለ ማለት ነው።

📌 ዩኒየኖች፦ ከወረቀታችሁ ላይ የሚወጣው መስመር አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ፈልጉ። ሁለተኛው በኩንታል ትንሽ ቢቀንስም፣ የመጀመሪያው የተዘጋ ቀን መጋዘናችሁ ውስጥ እህል ታቅፋችሁ አትቀሩም።

ባቲ ግመሉም ሲቀንስ፣ አሰብም ሲዘጋ ገበያዋ አልተበተነም። ነጋዴዋ ግን መስመሩ በተቀየረ ቁጥር ወይ አትርፏል ወይ ከስሯል፤ ልዩነቱ ቀድሞ ማወቅ ነው።

የናንተን ካርታ ሥላችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ማታ በዋጋ እንገናኝ። መልካም ገበያ!