ክረምት ያለ ውርጭ፦ የቤት ውኃ መስመርና ማሞቂያ ዝግጅት በበዴሳ

መግቢያ

በቀዝቃዛ አገሮች የቤት የክረምት ዝግጅት መነሻው ውርጭ ነው። ውኃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ቧንቧ ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ መመሪያዎቹ ቧንቧ መሸፈንንና መስመር ማፍሰስን ያስቀድማሉ። በወላይታ ዞን በዳሞት ወይዴ ወረዳ በምትገኘው በዴሳ ግን ክረምት ዝናብ ነው። ይህ ጽሑፍ ዝግጅቱ በዚህ የአየር ጠባይ በምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ከታወቁ የምሕንድስናና የጤና መርሆዎች በመነሣት ይመረምራል።

የዝግጅቱ ጊዜ

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ወላይታ ግን ከዚህ በፊት የበልግ ዝናብም ታገኛለች። ስለሆነም እስከ ሰኔ የዘገየ ጥገና የመጀመሪያውን ዝናብ ያመልጠዋል፤ ተገቢው ወር የካቲት ነው።

የውኃ መስመር

ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ዋናው ስጋት የግፊት መውረድ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን በዝናብ የራሰ አፈር ውስጥ ያለው ቆሻሻ ውኃ በላላ መጋጠሚያ በኩል ወደ ቧንቧው ሊገባ ይችላል። በደረቅ ወራት ውኃ ብቻ ያባክን የነበረ ቀዳዳ በክረምት የበሽታ መግቢያ ይሆናል። ፍተሻው ቀላል ነው፤ ውኃ ባለበት ሰዓት ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው ቆጣሪው ከዞረ ከቆጣሪው ወዲህ የሚያፈስ ቦታ አለ።

የጣሪያ ውኃም ስሌት ይፈልጋል። በ40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል ብክነቱ ሳይቀነስ 400 ሊትር ይሆናል። አሸንዳው አስቀድሞ መጠረግ፣ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ የሚወርደው የመጀመሪያው ውኃም መደፋት አለበት። 1,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሲሞላ የውኃው ክብደት ብቻ 1 ቶን ስለሆነ፣ መቆሚያው ያረፈበት አፈር በዝናብ እንዳይሸረሸር መጠበቅ ይገባል።

ማሞቂያ

ቦይለር ባለበት ቤት የመሬት ሽቦውና የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቩ በባለሙያ ይፈተሻሉ። ውኃ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ባዶ ታንክ ውስጥ የሚግል ሽቦ ይቃጠላልና።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን የከሰል ምድጃ ነው። ዝናብና ብርድ ሲበረታ መስኮት ይዘጋል፤ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በደም ውስጥ ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው ትስስር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ የጠነከረ በመሆኑ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የጭሱ መጥፋት የአደጋው መጥፋት ምልክት አይደለም፤ ስለዚህ የጋለ ፍም መኝታ ቤት አይገባም።

ማጠቃለያ

ለውርጭ የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ቢገለበጥ ገንዘብን ለማይመጣ አደጋ ያስወጣል፣ የሚመጣውንም ይዘነጋል። በበዴሳ ቅደም ተከተሉ በመጀመሪያ የአየር መተላለፊያ፣ ቀጥሎ የመስመር መጋጠሚያ፣ ከዚያ አሸንዳና ታንከር ቢሆን ይመረጣል። የመጀመሪያው ገንዘብ ሳይጠይቅ ሕይወት ያድናል።