ሕመምን በቆዳ ላይ መጻፍ፤ ንቅሳት ወይስ አምባር?

ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው የጥንቱ የነጋዴ መንገድ በጀልዴሳ በኩል ያልፍ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902 የባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ አዲሱ ከተማ ዞረ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በአካባቢው አርብቶ አደር ዘንድ ግን አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ ይኸውም በግመሉ ቆዳ ላይ በጋለ ብረት ምልክት መተኮስ ነው። ግመል ቢጠፋ የማን እንደሆነ በአፉ መናገር አይችልምና ምልክቱ ይናገርለታል።

ሰውስ ራሱን ስቶ መናገር ሲያቅተው ማን ይናገርለታል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

ለምሳሌ ያህል ከጀልዴሳ ወደ ድሬዳዋ ገበያ የሚሄድ አንድ ሰው እናስብ። የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊን በመርፌ ይወስዳል። ጧት መርፌውን ወስዶ እህል ሳይቀምስ መንገድ ጀመረ እንበል። በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሲያንስ ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። ያየው ሰው ግማሹ «ሰክሯል»፣ ግማሹ «ጫት በዝቶበት ነው»፣ ሌላውም «ጂኒ ነው» ይላል። ገና መዋጥ በሚችልበት ሰዓት ጥቂት ስኳር ቢቀምስ ሊነሣ የሚችለው ሰው ባለመታወቁ ብቻ ይሞታል። ራሱን ከሳተ በኋላ ግን በአፉ የሚሰጠው ነገር ሊያንቀው ስለሚችል፣ መፍትሔው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

ለዚህ ችግር በአሜሪካ የተገኘው መላ አምባር ነው። በ1953 በካሊፎርኒያ አገር የዶክተር ማሪዮን ኮሊንስ ልጅ ሊንዳ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መድኃኒት ሲሞከርባት ለሞት ተቃርባ ተረፈች። ወላጆቿም መድኃኒቱ እንደማይስማማት የሚገልጽ ጽሑፍ በአምባር ላይ አስቀረጹላት፤ ከዚህም የተነሣ በ1956 ሜዲክ አለርት የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። ነገር ግን አምባር ይጠፋል፤ ይሰረቃል፤ ሲታጠቡ ያወልቁታል። ስለዚህ አንዳንድ የስኳር ሕመምተኞች አምባሩን ትተው የሕመማቸውን ስም በእጃቸው አንጓ ላይ ተነቅሰዋል።

ንቅሳት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል እናቶቻችን ግንባራቸውን በመስቀል፣ አንገታቸውንና ድዳቸውን በውበት ጌጥ ይነቀሱ ነበር። ይሁን እንጂ ለሕክምና ምልክት ይበጃል ከማለታችን በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ማመዛዘን ይገባናል።

1ኛ/ ምልክቱ ይታመናል ወይ? በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በኢንዲያና ክፍለ አገር፣ የአቶሚክ ጦርነት ቢነሣ ደም ለመስጠት እንዲያመች ተብሎ የተማሪዎች የደም ዓይነት በጎናቸው ላይ ተነቅሶ ነበር። ሥራው ግን አልዘለቀም። ሐኪም የሰውን ሕይወት በንቅሳት ላይ ጥሎ ደም አይሰጥም፤ ደሙን እንደገና መመርመር ግዴታው ነው።

2ኛ/ ነገሩ ቢለወጥስ? ፔኒሲሊን አይስማማንም ከሚሉት ሰዎች አብዛኞቹ በሚገባ ሲመረመሩ መድኃኒቱ እንደሚስማማቸው ታውቋል። አምባር ይወልቃል፤ ንቅሳት ግን በቀላሉ አይፋቅም። በ2012 በአሜሪካ የሐኪሞች መጽሔት ላይ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። በደረቱ ላይ «ልቤ ቢቆም አታንሡኝ» የሚል ምሕጻረ ቃል የተነቀሰ ሰው ሲጠየቅ፣ በቁማር ተሸንፎ የተነቀሰው መሆኑንና መዳን እንደሚፈልግ ተናገረ። በ2017 ደግሞ በማያሚ ተመሳሳይ ንቅሳት ያለበት አንድ ሽማግሌ ራሱን ስቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ቢያመነቱም ከተመካከሩ በኋላ ቃሉን ለማክበር ወሰኑ፤ በኋላም ይህንኑ የሚያረጋግጥ ወረቀት ተገኘ። አንዱ ንቅሳት ዋሸ፤ ሌላው እውነት ተናገረ። በዓይን የሚለያቸው ግን አልነበረም።

3ኛ/ ምስጢርስ? የሚጥል በሽታ ያለባት ልጃገረድ ሕመሟ በእጇ ላይ ቢጻፍ፣ ጽሑፉን የሚያነበው ሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም አማቹም ያነበዋል። ከሞት የሚያድናት ምልክት ከትዳር ሊያስቀራት ይችላል።

4ኛ/ ንጽሕናና ሃይማኖትስ? ለብዙ ሰው የሚያገለግል አንድ መርፌ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ያስተላልፋል። ደግሞም የጀልዴሳ ሕዝብ በብዛት ሙስሊም ነው፤ ከእስልምና ሊቃውንትም አብዛኞቹ ንቅሳትን ይከለክላሉ። ሕዝቡ የማይቀበለው መድኃኒት፣ መድኃኒት አይባልም።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? ሕመሙ የማይለወጥና በሐኪም የተረጋገጠ ሆኖ፣ ባለቤቱም ወድዶ በንጹሕ መርፌ የሚነቀስ ከሆነ አንነቅፈውም። ለጀልዴሳው መንገደኛ ግን የሚበጀው ከዚህ ይቀላል። ይኸውም ስሙ፣ ሕመሙና የሚወስደው መድኃኒት የተጻፈበት ካርድ በኪሱ ይኑር፤ ጽሑፉ ሐኪሙ በሚያውቀው ቋንቋ ብቻ ሳይሆን መንገደኛው በሚያነበው በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛም ይሁን። መንገድ ሲወጣ ጥቂት ስኳር ይያዝ፤ አብረውት ለሚሄዱትም አስቀድሞ ይንገራቸው።

የግመሉ ምልክት የሚያገለግለው በቆዳ ላይ ስለቀረ ብቻ አይደለም፤ አገሩ ሁሉ ስለሚያነበው ነው። የሰውም ምልክት በአምባር ይሁን በንቅሳት፣ የሚያነበው ከሌለ ከንቱ ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ይህን አንድ ነገር እናስተምር፤ በመንገድ የወደቀ ሰው ስናገኝ «ሰክሯል» ከማለታችን በፊት አንገቱን፣ እጁንና ኪሱን እንይ።