ትምህርት 12፦ ታሪክን በቅደም ተከተል መጻፍ

የአንድን ቦታ ታሪክ ስትጽፉ ድርጊቶቹን በተፈጸሙበት ጊዜ ቅደም ተከተል አስፍሩ። ይሁን እንጂ ዓመታትን መደርደር ብቻውን ታሪክ አይሆንም፤ አንዱ ድርጊት ለሌላው እንዴት ምክንያት እንደ ሆነም ማሳየት ይገባል። ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ቶርቫስታድ በምዕራብ ኖርዌይ፣ በሮጋላንድ ክፍለ ሀገር ጠረፍ የነበረች የገጠር ወረዳ ናት። በ1837 የወጣው ሕግ የገጠርም ሆነ የከተማ ነዋሪዎች የአካባቢያቸውን ጉዳይ ራሳቸው በመረጧቸው ሰዎች አማካይነት እንዲያስተዳድሩ ስለ ፈቀደ፣ ቶርቫስታድም በ1838 የራሷን ምክር ቤት አቋቋመች። እንዲህ ያሉ ምክር ቤቶች ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መንገድና ስለ ድሆች መርጃ ይመክሩ ነበር። ሆኖም የመምረጥ መብት በሀብትና በሹመት የተወሰነ በመሆኑ ሴቶችና አያሌ ድሆች ከምርጫው ውጭ ነበሩ።

ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ንግድ በመስፋፋቱ በወረዳዋ ውስጥ የነበረው የሃውገሱንድ ወደብ አደገና ራሱን የቻለ ከተማ ሆነ። በ1924 ደግሞ በባሕር ተከባ ርቃ የምትገኘው የኡትሲራ ደሴት ተለየች። በ1925 በዚህችው ደሴት በተደረገው ምርጫ ሴቶች ከ12ቱ መቀመጫዎች 11ዱን ስለ ያዙ፣ አዋላጇ ኦሳ ሄልገሰን በ1926 በኖርዌይ የመጀመሪያዋ ሴት የወረዳ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኑ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥት ትናንሽ ወረዳዎች ለሕዝብ የሚገባውን አገልግሎት ለማሟላት አቅም ያንሳቸዋል በማለት ብዙዎቹን አዋሐደ። በ1965 የቶርቫስታድ አብዛኛው ክፍል ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋሕዶ ካርሞይ የተባለ ወረዳ ሆነ። እናቲቱ ወረዳ ስትቀር፣ 200 ያህል ነዋሪዎች ያሏት ልጂቱ ኡትሲራ ግን ዛሬም ራሷን ታስተዳድራለች።

መልመጃ

1. ‹‹በመስፋፋቱ››፣ ‹‹ስለ ያዙ›› የሚሉት ቃላት ምክንያትን ይገልጻሉ። ከምንባቡ ውስጥ ሌሎች ሁለት ምክንያት ገላጮችን አውጡና በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

2. ‹‹እናቲቱ›› እና ‹‹ልጂቱ›› የተባሉት እነማን ናቸው? እንዲህ የተባሉትስ ለምንድን ነው?

3. ትናንሽ ወረዳዎች ሲዋሐዱ ሕዝቡ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል? ሁለቱንም ወገን መዝናችሁ፣ የራሳችሁን ፍርድ በመጨረሻ በማስቀመጥ አንድ አንቀጽ ጻፉ።