የብስባሽ ክምር ሙቀት፦ ለደጋ አገር የጋራ ክምር ለምን ይሻላል?

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደባርቅ እስከ ዳባት ባለው ደጋ ገብስ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይመረታል። እንጨት ግን እየራቀ በመሄዱ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል። ኩበት ሲነድ አብዛኛው ናይትሮጅን በጋዝ መልክ ወደ አየር ይወጣል፤ ፎስፈረስና ፖታሲየም በአመዱ ይቀራሉ። ስለዚህ ምድጃው በሞቀ ቁጥር ማሳው ይራቆታል።

ለዚህ ችግር አንዱ መልስ ብስባሽ ወይም ኮምፖስት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት በትግራይ ከግብርና ቢሮውና ከገበሬዎች ጋር የጀመረው ሥራ፣ ኮምፖስት የተጨመረበት ማሳ ምንም ካልተጨመረበት የላቀ ምርት እንደሚሰጥ አሳይቷል። ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ግን አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ይነሣል፦ ክምሩ እንዴት ይሞቃል?

ይዘትና ገጽ

ሙቀቱን የሚያመነጩት ገለባና ፋንድያ የሚያብላሉት ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። ሙቀት በክምሩ ይዘት ሁሉ ይመነጫል፤ የሚያመልጠው ግን በውጭ ገጹ ነው። ጎኑ ግማሽ ሜትር የሆነ ኪዩብ ብንወስድ ይዘቱ 0.125 ሜትር ኩብ፣ ገጹ 1.5 ሜትር ካሬ ነው። ስምንት ቤተሰቦች እንዲህ ያሉ ስምንት ክምሮች ቢኖሯቸው ጠቅላላ ገጻቸው 12 ሜትር ካሬ ይሆናል። ስምንቱን በአንድነት ብንከምራቸው ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ኪዩብ እናገኛለን፤ ገጹም 6 ሜትር ካሬ ብቻ ነው። ሙቀት የሚያመልጥበት በር በግማሽ ጠበበ ማለት ነው።

የአካባቢው አየር 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ትንሹ ክምርም ከዚያ በላይ 20 ዲግሪ ሞቆ 30 ደረሰ እንበል። በቀላል ስሌት ትልቁ 40 ዲግሪ ጨምሮ 50 ይደርሳል። የአረም ዘርንና በሽታ አምጪዎችን ለመግደል 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ለጥቂት ቀናት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ክምሩን ጥቂት ማሳደግ ይበቃል። ከ65 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ጠቃሚዎቹም ስለሚዳከሙ መገላበጥ ይገባል። መገላበጥ አየርም ያስገባል።

በነጻ የሚወሰድ የጋራ ክምር

እንግዲህ ደቦ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ክምሩንም በደቦ ቢሠራ ፊዚክሱ ይደግፈዋል። ሆኖም ማገዶ የሌለውን ሰው «ኩበትህን አምጣ» ማለት አይቻልም። ግብዓቱ ማንም የማያነደው ሊሆን ይገባል፦ የገበያ ትራፊ፣ አረም፣ የተበላሸ ገለባ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጎብኚዎች ጓዝ ከሚጭኑት በቅሎዎች የሚገኝ ትርፍ ፋንድያ። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ቢሆን፣ እርጥበቱም ሲጨመቅ ጠብ የሚል ያህል ቢሆን መልካም ነው። የበሰለው ተነፍቶ ለማሳ፣ ያልበሰለው ሻካራ ደግሞ ለነጭ ሽንኩርት መደብ ጉዝጓዝ ይሆናል፤ ጉዝጓዝ ትነትን ይቀንሳል፣ የዝናብ ጠብታንም ኃይል ያበርዳል። ሁሉም በነጻ ቢወስድ ይበልጥ የሚጠቀመው ከብት የሌለው ቤተሰብ ነው።

መልመጃ

በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ከአንድ ዓይነት ግብዓት ግማሽ ሜትርና 1 ሜትር ጎን ያላቸው ሁለት ክምሮች ሥሩ። ለሁለት ሳምንት በየማለዳው የመካከላቸውን ሙቀት ለክታችሁ በግራፍ አሳዩ። የትልቁ ጭማሪ የትንሹን እጥፍ ሆነ? ካልሆነ፣ በስሌታችን ውስጥ የዘለልነው ምን ነበር?