እምዬን ባልዲ አታስረግጣቸው

እስቲ ስልክህን ወደዚህ ዘንበል አድርገው። እዚህ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብለህ ስትጽፍ፣ እኔም ከኋላህ ቆሜ ሳነብ ቆይቻለሁ። ነገ ለምታስጎበኛቸው እንግዶች ያዘጋጀኸው ማለፊያ ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ መጫናቸውን ለፈረንጆቹ 1889 ብለህ መመለስህ አኩርቶኛል። ግን ወንድምዬ፣ 1913 ላይ ስትደርስ እምዬን ምን አደረግካቸው? «ኪክድ ዘ ባኬት»!

ሞተ ማለት መሆኑን አልሳትክም። ይህ ግን ጓደኛሞች እየቀለዱ የሚሉት ነው፤ የኛው «ክልትው አለ» ዓይነት። በማርያም ደጅ ቆመህ «ምኒልክ ክልትው አሉ» ትላለህ? አትልም፤ «አረፉ» ነው የምትለው። እንግሊዝኛውም «ፓስድ አዌይ» አለልህ፤ «ዳይድ» ብትልም ማንም አይቀየምህም። ፈሊጥ ስትይዝ ማን ለማን እንደሚለው አብረህ ያዝ።

«ብሬክ ኤ ሌግ» መድረክ ላይ ሊወጣ ላለ ተዋናይ መልካም ዕድል መመኛ ነው። አንተ ፈረስ ልትጋልብ ለተዘጋጀች ሴትዮ ጻፍከው። በዚህ ቁልቁለት ላይ እግር እርካብ ውስጥ ገብቶ «ስበሪው» ሲባል ምርቃት ይመስላል? «ሆልድ ዩር ሆርስስ»ም ሌላ ቦታ «ረጋ በል» ነው፤ እዚህ ካልካት ግን ደንግጣ ልጓም ትስባለች።

«ኖት ማይ ካፕ ኦፍ ኮፊ»ስ? ቡና ወዳድነታችን ገብቶኛል፤ ግን እንግሊዙ «አይመቸኝም» ሲል «ቲ» ነው የሚለው፣ ሻዩን ደፍተህ ቡና አትቀዳበትም። አንድ ፈረንጅ ዳባ ምን እንደሆነ አላውቅም ብሎ «ጆሮ ጋቢ ልበስ» ቢልህ ምን ያህል ትስቅበታለህ? አንድ ቃል ነው የለወጠው፤ ፈሊጡ ግን ፈርሷል።

ስለዚህ አዲስ ፈሊጥ ስትሰማ ብቻውን አትጻፈው። የተነገረበትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጥ፤ ከጎኑ ማን፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንዳለው አስፍር። ሌላ ሰው በሌላ ቦታ ሲለው እስክትሰማ ድረስ ከአፍህ አታውጣው። ከያዝክም በኋላ እንደ ሚጥሚጣ ቆንጠር አድርግበት። የምታሳያቸው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አለህ፤ ወሬው ራሱ ይጣፍጣል፣ በቀላል እንግሊዝኛ ንገራቸው። ፈሊጥ አላውቅም ብሎ የሚያፍር አስጎብኚ ከንቱ ነው፤ እንግዶችህ የመጡት አንተን ለመፈተን አይደለም።

በል፣ ብርድ ብርድ ብሎኛል፤ ሳይመሽ እንውረድ። ያን ዘንቢል አንሳልኝ፤ «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ማለቴ ነው። ደግሞ ቃል በቃል ወደ አማርኛ እንዳትመልሰው፤ እጅ ከሰጠኸኝ ማርኬሃለሁ።