ብሉዝን በፊልም ማጥናት፦ ምስል ያልተረፈለትን ሰው እንዴት ያሳዩታል?

ብሉዝ በአሜሪካ ደቡብ፣ በተለይም በሚሲሲፒ ዴልታ የጥጥ እርሻዎች አካባቢ ይኖሩ ከነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን የወጣ ሙዚቃ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ስለ እሱ የተሠሩ ፊልሞችም ብዙ ናቸው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁሉንም መዘርዘር አልፈልግም፤ ለትምህርት ክፍላችን ተማሪ ይጠቅማሉ ያልኳቸውን ጥቂቶቹን ብቻ ላንሣ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህን ፊልሞች ለሠሪዎቻቸው አስቸጋሪ የሚያደርግ አንድ ነገር አለ። የብሉዝ ቀደምት ሰዎች ሲዘፍኑ ካሜራ ይዞ የሄደላቸው የለም ማለት ይቻላል። ለምሳሌ በ1938 የሞተው ሮበርት ጆንሰን ሸክላዎቹና ጥቂት ፎቶግራፎቹ ተርፈዋል እንጂ፣ ሲንቀሳቀስ የሚያሳይ የተረጋገጠ ፊልም የለውም። ታዲያ ፊልም ሠሪው ምን ያሳየን?

እስቲ ከቤሲ ስሚዝ እንጀምር። ደድሊ መርፊ በ1929 ያዘጋጀው «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ» ሩብ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ልብ ወለድ ፊልም ነው። ታሪኩ ተራ ነው፤ ወንዱ ይከዳታል፣ እሷም መጠጥ ቤት ሆና ታንጎራጉራለች። ቁማርተኞቹ የቀረቡበት መንገድ የዘመኑ ንቀት ያለበት ስለሆነ ያናድዳል። ነገር ግን ቤሲን በፊልም የምናገኛት እዚህ ብቻ ነው። ለመዝናኛ የተሠራ ድራማ ሳይታሰብ ሰነድ ሆኖ ቁጭ አለ!

የዊም ቬንደርስ «ዘ ሶል ኦፍ ኤ ማን» ማርቲን ስኮርሴዜ በ2003 በበላይነት ካሠራቸው ሰባት የብሉዝ ፊልሞች አንዱ ነው። ከባለታሪኮቹ አንዱ የሆነው ዓይነ ስውሩ ብላይንድ ዊሊ ጆንሰን ተንቀሳቃሽ ምስል የለውም፤ ድምፁ ግን በ1977 ከቮዬጀር መንኮራኩሮች ጋር ወደ ጠፈር ተልኳል። ቬንደርስ በተዋናይ ተክቶት፣ በእጅ በሚዞር አሮጌ ካሜራ በጥቁርና ነጭ ቀረጸው። ውጤቱ ያምራል። እኔን ግን ይከነክነኛል። ያልተነገረው ተመልካች «የዘመኑ እውነተኛ ፊልም ነው» ብሎ ቢወስደው ማን ይፈርድበታል? በዚያው ፊልም ውስጥ፣ አንድ ባልና ሚስት በ1960ዎቹ የቀረጹት ጄ. ቢ. ሌኖር ብቅ ሲል ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። ሰውዬው ጊታሩን ይዞ ይዘፍናል፣ በቃ።

ከሰባቱ እኔ የምመርጠው የቻርልስ በርኔትን «ዋርሚንግ ባይ ዘ ዴቭልስ ፋየር» ነው። በ1950ዎቹ አንድ ትንሽ ልጅ ሚሲሲፒ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ይላካል፤ በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያንና መዝሙር፣ በሌላ በኩል ደግሞ «የሰይጣን ሙዚቃ» የሚባለውን የሚወድ አጎት ይጠብቁታል። በርኔት ልብ ወለድ መሆኑን አይደብቅም። የድሮ ፊልሞችን መሀል መሀል ላይ ሲያስገባ የቱ የእሱ፣ የቱ የታሪክ እንደሆነ ይለያል። ፈጠራ አለበትና ዘጋቢ አይባልም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከቬንደርስ ይልቅ ታማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በነገራችን ላይ በርኔት ከእኛው ኃይሌ ገሪማ ጋር በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዘመን ፊልም የተማረ ነው፤ ለኃይሌ «ቡሽ ማማ» ካሜራ ከያዙትም አንዱ እሱ ነው።

ከልብ ወለዶቹ ውስጥ «ክሮስሮድስ» (1986) ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ የሚለውን ተረት ያሞቃል እንጂ ብዙ አያስተምርም። «ማ ሬይኒስ ብላክ ቦተም» (2020) ግን የኦገስት ዊልሰን ተውኔት ስለሆነ ለቴአትር ተማሪ ይጠቅማል። በ1927 ቺካጎ ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ፣ ድምፄን ከሰጠኋችሁ በኋላ ዞር ብላችሁ አታዩኝም የምትል ዘፋኝ ከነጭ አሳታሚዎቿ ጋር ስትሟገት እናያለን። ጉዳዩ የገንዘብም የክብርም ነው።

ጊዜ የሌለው ሰው የሌስ ብላንክን «ዘ ብሉዝ አኮርዲንግ ቱ ላይትኒን ሆፕኪንስ» (1968) ያስቀድም። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ተራኪ የለም፣ «ብሉዝ ማለት...» እያለ የሚያስረዳ ምሁር የለም፤ ሆፕኪንስ ራሱ ያወራል፣ ይዘፍናል፣ ካሜራው ቴክሳስ ውስጥ ሰፈሩንና ሰዉን ይቃኛል። ሁለት ጊዜ ማየት ይሻላል፤ መጀመሪያ እንዲሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ ድምፁን ዘግቶ፣ ካሜራው ከዘፋኙ ላይ መቼ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እየመዘገቡ።