ወሯ ሲገባ
(ለጉባኤ ጥናት፦ ሉቃስ 2፥1-7)

ወገኖች ሆይ፣ ማርያም የመውለጃዋ ቀን የደረሰው ከቤቷ ርቃ፣ ማረፊያ ባጣችበት በቤተ ልሔም ነበር። በአጥቢያችን ወሯ ለገባ እህት እኛ ምን አዘጋጅተናል?

በመጨረሻዎቹ ቀናት ሆዷ ዝቅ ይላል፤ ትንፋሿ ይቀልላታል፤ ሽንቷ ግን ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሕመሙ ስታርፍ የሚተዋት ከሆነ ገና ምጥ አይደለም። እየበረታና እየተቀራረበ ከመጣ ግን ምጥ ነው። ጥቂት ደም የነካው ዝልግልግ ፈሳሽም ሊታይ ይችላል። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጡ ባይጀምርም ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ብዙ ደም፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት እብጠት፣ ትኩሳት፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም። በጉብኝታችን፣ «እስኪነጋ እንጸልይ» ሲባል ሰምተናል። ጸሎት በመንገድም ይጸለያል፤ የሚፈስ ደም ግን ንጋትን አይጠብቅም።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ከአሁኑ ይወስኑ፦ ቃሬዛውን ማን ይሸከማል? የመኪናውን ገንዘብ ማን ይይዛል? ልጆቿን ማን ያሳድራል? ቤቷ ሩቅ ከሆነ በጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለ ቀደም ብላ ትግባ።

ለውይይት፦ በዚህ ወር ከመካከላችን የምትወልደው እህት ማን ናት? ዛሬ ማን ይጎበኛታል?